ሙቀጫ የተጫነበት መጽሐፍ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። አንድ አሳታሚ የሐረርና የድሬ ምግቦች አሠራር የሚያሳይ መጽሐፍ ይዞልን መጣ። ፋይሉ ያለቀለት ነው። ሽፋኑ ያምራል፣ ፎቶዎቹ ያስጎመጃሉ። ጠራዣችን ገና ሲያየው "ይሄ የወጥ ቤት መጽሐፍ ነው፣ ይሰፋ" አለ። አሳታሚው የስፌቱን ዋጋ ሰማና በሙጫ ይሁንልኝ አለ። ሆነለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት የከዚራ ሰፈር እናት መጽሐፉን በፌስታል ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ እጄ በሊጥ ተለውሷል፣ እሱ ይከደንብኛል። ሲመረኝ ሙቀጫ ጫንኩበት።"

ጀርባው ለሁለት ተሰንጥቋል። ቅጠሎቹ ተገንጥለው እንደ ካርታ ተበታትነዋል። ሁልበት (ከአብሽ የሚዘጋጀው የሐረር ምግብ) የሚሠራበት ገጽ ላይ ደግሞ የዘይት አሻራ አለ፤ አሠራሩ እዚያ ገጽ ላይ ስላላለቀ በዚያ እጃቸው ገልጠውታል።

በሙጫ ሲጠረዝ የመጽሐፉ ጀርባ ተቆርጦ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ይቀራል። የሚይዘው ሙጫው ብቻ ነው። በድሬ ሙቀት፣ ያውም ምድጃ አጠገብ! ስፌት ሌላ ነገር ነው። አንዱ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ክሩ በእጥፋቱ መሐል ያልፋል። መጽሐፉ ሲከፈት ዘና ብሎ ይተኛል።

ጠራዣችን የሐረር ልጅ ነው። አንድ እሁድ ጁገል ወደሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ወሰደኝ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች እዚያ አሉ። እሳቸው የድሮውን የሐረር ጥረዛ ራሳቸው ተምረው መልሰው ያቆሙ ሰው ናቸው። የሐረር ጥረዛ ዝናው የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እንኳ ጥንካሬውን አድንቆ ጽፏል።

በዚህ ዓይነት የቆዳ ጥረዛ የኋላው ሽፋን ምላስ አለው፤ ታጥፎ የቅጠሎቹን ጫፍ ከአቧራ ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ ደግሞ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ትጻፋለች። ጠራዡ ቅደም ተከተሉን አይስትም። ጠራዣችን ያቺን ቃል በጣቱ አሳየኝና "አየህ፣ ጸሐፊው ሲጽፍ እኔን እያሰበ ነው" አለኝ።

እኛ ዘንድ ጠራዡ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚጠራው። ደራሲው ጽፎ፣ ዲዛይነሩ ገጽ ሠርቶ፣ ዋጋ ተቆርጦ፣ ከዚያ "ጠርዘው" ይባላል። ይሄ ያናድደኛል። ምን ያህል ሰፊ ህዳግ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ!

ሁለተኛው ዕትም ላይ አሳታሚውን፣ ዲዛይነሩንና ጠራዡን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። እኚያንም እናት ጠራናቸው፤ አብዛኛውን ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ምግብ ፊት ለፊት በሚከፈቱ ሁለት ገጾች ላይ እንዲያልቅ ሆነ። ፊደሉ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ተለቀ። የተዘፈዘፈው አብሽ እንዴት እንደሚመታ፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን፣ በጽሑፍ ማስረዳት ከባድ ነው። እሱን በስልክ ቀረጽነውና ገጹ ላይ ኪውአር ኮድ አደረግን። ቪዲዮው ላይ የሚታየው የእሳቸው እጅ ነው።

መጽሐፉ በክር ተሰፋ፣ ዋጋውም ጨመረ። አንድ መጽሐፍ ሻጭ "ማን ይገዛዋል?" ብሎ ሲከራከረኝ ሁለቱንም ዕትሞች ጠረጴዛው ላይ ገልጬ እጄን አነሳሁ። የመጀመሪያው ተከደነ። ከሁለተኛው አምስት ቅጂ ወሰደ።