«ጨዋ ናት»

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ካርድ ልወስድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጄ 1ኛ ክፍል ናት። ቲቸር ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። «የሚሚ እናት፣ ልጅሽ እኮ ጨዋ ናት። ምንም አታስቸግረኝም።» ደስ አለኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩላት።

እሁድ አባቴ ሊጠይቀን መጣ። የፊደል ገበታውን ከግድግዳ አወረደና «እስቲ አንብቢልኝ» አላት። ሚሚ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ወረደችው። አንዲት አልሳተችም። እኔ ላጨበጭብ ስል አባቴ ከብስኩት ካርቶን ላይ ቁራጭ ቆረጠ። መሃሉን በምላጭ በሳ። ገበታው ላይ አስቀምጦ በቀዳዳዋ አንድ ፊደል ብቻ አሳያት። «ቤ» ነበረች።

ሚሚ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጣቷን ላከችና ካርቶኑን ወደ ቀኝ ልትገፋው ሞከረች። የረድፉን መጀመሪያ ፈልጋ ነው። ከ«በ» ተነስታ ካልቆጠረች «ቤ»ን አታውቃትም።

አባቴ ልጅ ሳለ የኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠረው። «ሀሁ ሲያልቅ አቡጊዳ የሚመጣው ለዚህ ነው» አለኝ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ሁሉ ስለሚደባለቅ፣ ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይታወቃል። ቲቸር ያለችኝን ስነግረው ደግሞ «ቤተ ክህነት ጨዋ የሚባለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያልተማረው ነው» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቲቸር አልዋሸችኝም። ከ50 በላይ ልጆች ይዛ ስትውል ዝም ያለ ልጅ እረፍት ነው። የነገረችኝ የራሷ ቀን እንዴት እንደሚውል ነው። እኔ ግን ልጄ ፊደል እንደለየች አድርጌ ሰማሁት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ሰኞ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። «ጥያቄ ስትጠይቂ እጇን ታወጣለች? ያልገባት ጊዜ ምን ታደርጋለች?» አልኳት። ቲቸር ትንሽ አሰበች። «እውነቱን ልንገርሽ? እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም» አለችኝ። ለዚህ መልሷ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። በዚያው ቀን ከኋላ አንስታ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እኛም ማታ ማታ ከራት በኋላ ካርቶኗን ይዘን አስር ደቂቃ እንቀመጣለን። «ቤ» አሁን ለብቻዋም ትታወቃለች። «ጬ» እና «ጴ» ገና ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ መገናኛ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ መጣ። «ሚሚ ክፍል ውስጥ እየተናገረች አስቸግራለች፣ ይምከሯት።» ሚሚን ምን ስትይ ነበር አልኳት። ጫማዋን እያወለቀች «ቲቸር፣ አልገባኝም፣ ድገሚው አልኳት» አለችኝ። «ሁለቴ።»

ፈረምኩና ከስሩ «ያልገባት የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ማታ አብረን እናየዋለን» ብዬ ላክሁ።