የሌሊት ወፍ ቤት ስትገባ መጥረጊያ አታንሱ

መጀመሪያ የጣሪያውን ቬንትሌተር አጥፉ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ቬንትሌተር ሳይከፍት የሚያመሽ ቤት የለም፤ የሌሊት ወፍ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስትገባ መሐል መሐሉን ነው የምትዞረው። የቬንትሌተሩ ክንፍ ካገኛት ወይ ትሞታለች ወይ ቆስላ ሶፋው ላይ ትወድቃለች። የቆሰለችውን ደግሞ ሰው ሊያነሳ ሲል ነው የምትናከሰው።

የኛ ቤት ከዚራ ሰፈር ነው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ከደረሰ በኋላ ከተሠሩት ዓይነት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ቆርቆሮና ግድግዳ በሚገናኙበት ሁሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለው። ማታ መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ አምፖሉ ነፍሳቱን ይጠራል፣ ነፍሳቱ የሌሊት ወፏን ይጠራሉ። አንድ ቀን መግባቷ አይገርምም። እኛ ዘንድ የገባችው ከኢሻ አዛን በኋላ፣ ሁላችንም ሳሎን ቁጭ ብለን ነው።

ባለቤቴ «ወፍ ገባች!» ስትል አማቴ «የምን ወፍ፣ የሌሊት ወፍ ናት እንጂ!» አሉና ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጠመጠሙ። ፀጉር ላይ ከተለጠፈች አትለቅም ሲባል ነው ያደግነው። ወሬ ነው። ራሷ የምታወጣው፣ ለኛ ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ እየሰማች ነው የምትበርረው፤ በድቅድቅ ጨለማ ሽቦ እንኳ ሳትነካ ታልፋለች። ሰው ላይ የምትወረወር የምትመስለው በሌላ ምክንያት ነው። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ከፍ ትላለች፣ ክፍሉ መሐል ላይ ዝቅ ትላለች፣ እና መሐል የቆመ ሰው ፊቱ ላይ የመጣችበት ይመስለዋል። ግድግዳ ተጠግታችሁ ቁሙ፣ በቃ።

ግርግሩን የሰማ የጎረቤት ጎረምሳ መጥረጊያውን ይዞ ከተፍ አለ። «አቦ ተው፣ በሩን በደንብ ክፈትልኝና ውጣ» አልኩት። ቅር አለው፣ ግን ወጣ። ልጃችንን ባለቤቴ ወደ መኝታ ቤት ይዛ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ከሥሩ ፎጣ ተሰገሰገ። ድመቷንም እዚያው። ድመት የሌሊት ወፍ ከያዘች ነገሩ ይወሳሰባል፣ ተነክሳ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ መስኮቱንና የውጪውን በር እስከ ጥግ ከፍቼ፣ መጋረጃውን ሰብስቤ፣ መብራቱን አጠፋሁ። እና ዝም ብሎ መጠበቅ። ብዙዎቹ በዚሁ ብቻ ይወጣሉ። ዋናው ነገር ዓይናችሁን ከሷ አለመንቀል ነው። ሳታዩአት «ወጥታለች» ብላችሁ መስኮት ከዘጋችሁ፣ ቁምሳጥኑ ጀርባ ተሸጉጣ ሌሊቱን አብራችሁ ታድራለች።

የኛዋ አልወጣችም። ትንሽ ዞረችና መጋረጃው ላይ ተንጠለጠለች። የስልኬን መብራት በእጄ ከልዬ ቀረብ ብዬ አየኋት። ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ጆሮዋ ስስ ከመሆኑ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። አፏን ከፍታ ትንቀጠቀጣለች፤ ብትፈራም ባትፈራም፣ ከመብረሯ በፊት ሰውነቷን የምታሞቀው እንደዚያ እየተንቀጠቀጠች ነው። ጥርሷ የመርፌ ጫፍ ያክላል። ይቺን ጥርስ አስታውሷት፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከአጠገባችን ብየዳ የሚሠራ ጎረቤት አለ፤ የብየዳ ጓንቱን ተዋስኩ። ወፍራም ቆዳ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ላስቲክ ጓንት እሱን አይተካም። ባዶ የማርማላታ ባልዲ ቀስ ብዬ ደፋሁባት፣ ከጫማ ካርቶን የቆረጥኩትን ጠፍጣፋ ደግሞ በባልዲውና በመጋረጃው መካከል እያንሸራተትኩ አስገባሁ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ በጥፍሯ ጨርቁን ስለያዘች ከተገፋች እግሯ ይሰበራል። ካርቶኑን ስነካካው እሷው ለቀቀች። ግቢ ወጥቼ ባልዲውን አግድም አድርጌ ኒሙ ግንድ ላይ፣ ደረቴ ከፍታ ላይ አስደገፍኩት። መሬት ላይ አታስቀምጧት። ብዙዎቹ ከመሬት ተነስተው መብረር ይቸግራቸዋል፣ ወደ ታች ወደቅ ብለው ነው ክንፋቸው አየር የሚይዘው። ትንሽ ወደ ላይ ቧጠጠችና ሄደች።

ሰዉ «ወጣች፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ስላለ ዋናው ጥያቄ ማንን ነክታለች የሚለው ነው። እኛ ዘንድ መልሱ ቀላል ነበር፣ ሁላችንም ነቅተን ነበር፣ ስትገባም አይተናል፣ ማንንም አልነካችም። የተኛ ሰው ወይም ሕፃን ያለበት ክፍል ውስጥ ጠዋት ብትገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያቺ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥርስ ቆዳ ላይ ምልክት ላትተው ትችላለች፣ የተኛ ሰውም ላይነቃ ይችላል። እውነቱን ለመናገር አገራችን ላይ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያመጣብን እንደ ስሙ ውሻ ነው፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው 99 በመቶው ከውሻ ነው። ነገር ግን አፍሪካ ውስጥ የሌሊት ወፎች የሚሸከሟቸው የዚያው ቫይረስ ዘመዶች አሉ። ደቡብ አፍሪካ በ1970 አንድ ሰው ተነክሶ ሞቷል፣ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2007 አንዲት ቱሪስት ፊቷን ተቧጭራ ከዚያው ሞታለች። ሁለቱም ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ምልክቱ ከጀመረ ግን መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም።

ከነከሰች፣ ከቧጨረች ወይም ምራቋ ዓይንና አፍ ከነካ፣ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። በሰዓት እያያችሁ፣ ምክንያቱም 15 ደቂቃ ቧንቧ ሥር ሲቆሙ በጣም ረጅም ነው። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ ምናምን አትጨምሩበት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም፣ በዚያው ቀን፣ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። «የሌሊት ወፍ ነካችኝ» ስትሉ ካርድ ክፍል ያለው ሰው ሊስቅ ይችላል። ይሳቅ። እናንተ ሐኪሙን ሳታገኙ አትመለሱ። አሮጊቶቹ የሚያስፈራሩበት ሆድ ላይ የሚወጋው የድሮ መርፌ ነው፤ አዲሱ ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው። ሰው ነክታ ከሞተች ደግሞ ጭንቅላቷን አትጨፍልቁ፣ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሏ ነው።

የማርበርግ ነገርም ይነሳል መቼም። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ በሽታው መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ሰው የሌሊት ወፍ ባየ ቁጥር ማርበርግ ነው የሚለው፤ አማቴም መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ማርበርግን የምትሸከመው በዋናነት ዋሻና ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የምትኖረው ፍራፍሬ በሏ ናት፣ ክንፏን ስትዘረጋ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ፊቷ ቡችላ የሚመስል። አውራ ጣት የምታክለው የኮርኒስ ነዋሪ ነፍሳት ለቃሚ ናት። ቢሆንም ሁለቱንም በባዶ እጅ አይነኩም። ከዛፍ የወደቀ፣ የተነከሰ ማንጎም አጥቦ መብላት ሳይሆን መጣል ነው።

በማግስቱ ኮርኒሱን አየሁ። ቺፕውዱ ጥግ ላይ የአይጥ የሚመስል ኩስ ነበር። የአይጥ ከሆነ ደርቆ ይጠነክራል፤ የሌሊት ወፍ ከሆነ በእንጨት ጫን ሲሉት ዱቄት ይሆናል፣ ውስጡም የሚያብለጨልጭ የነፍሳት ክንፍ ስብርባሪ ይታያል። የኛው ዱቄት ሆነ። ይህን በደረቁ መጥረግ ነው ትልቁ ጥፋት። አቧራው ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። ማስክ አድርጌ፣ በረኪና ያለበት ውኃ በደንብ ነፋሁበት፣ እርጥቡን በጨርቅ ሰብስቤ በፌስታል አሰርኩ። ያው ሙቀት ላይ ማስክ አድርጎ ኮርኒስ ሥር ማጎንበስ የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም።

የሚገቡበትን ቀዳዳ ለማግኘት መግሪብ ላይ ግቢ ወንበር አውጥቶ ጣሪያውን መመልከት ነው። ሲመሽ ከየት እንደሚወጡ ራሳቸው ያሳያሉ፤ ቀዳዳው ዙሪያም የጠቆረ የቅባት ዓይነት ምልክት ይኖራል። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ክፍተት ይበቃቸዋል። አናጢው ወዲያው በፎም እንድፈነው ብሎኝ ነበር። ከነሕይወታቸው ውስጥ ከተደፈኑ ግን መውጫ ፍለጋ ሳሎን ይመጣሉ፣ ያልቻሉት እዚያው ሞተው ይሸታሉ። እኔ የመስኮት ትንኝ ወንፊት ቆርጬ ከቀዳዳው በላይና በጎንና ጎን መታሁት፣ ታችኛውን ክፍት ትቼ ግማሽ ሜትር ያህል አንጠለጠልኩት። ሲወጡ ወደ ታች ተንሸራተው ይወጣሉ፣ ሲመለሱ ግን ቀዳዳው ጋ ይመጡና ወንፊት ያገኛሉ። ቢያንስ ሳምንት ይቆይ፣ ምንም እንደማይወጣ ካያችሁ በኋላ ዝጉ። እንደ አይጥ እንጨት አይቦረቡሩም፣ ፎሙም ሲሊኮኑም ይበቃቸዋል። ናፍታሊን መበተንና በርበሬ ማጠን ይመከራል፤ ናፍታሊኑ የሚጎዳው እናንተን ነው፣ በርበሬውንማ ተውት፣ አሮጌ ጣሪያ ሥር እሳት ይዞ መውጣት ምን ይባላል።

«ትንኝ ትበላልናለች፣ ለምን ታባርራለህ?» ያሉኝም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ማታ የሚበርረውን ትለቅማለች። ግን ድሬን በ2013 በዴንጊ፣ በ2019 በቺኩንጉንያ (እ.ኤ.አ.) ያመሳት ትንኝ ቀን ነው የሚናከሰው፣ እሷ ደግሞ ቀን ትተኛለች። ኒሙ ላይ ሆና ትብላ፣ እኔ የውኃ በርሜሉን ክዳን እዘጋለሁ።

አሁን ከጀርባችን ያሉት ሐጂ «የኔንም ጣሪያ እይልኝ» ብለውኛል። እሳቸው ኮርኒስ ውስጥ ያለው አንድ ሁለት አይደለም፣ ማታ ሲወጡ ጎርፍ ነው። ብዙዎቹ የሚወልዱት ነፍሳት በሚበዛበት በዝናቡ ወቅት አካባቢ ነው፣ ግልገሉ ለሳምንታት መብረር አይችልም፣ እናቶቹን አስወጥተን ብንዘጋ ውስጥ ይቀራል። «ዝናቡ ይውጣና ጥቅምት ካለቀ በኋላ እንሠራዋለን ሐጂ፣ እስከዚያ የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ቀዳዳ ብቻ በፕላስተር ይለጥፉ» አልኳቸው። ወንፊቱን ከወዲሁ ገዝተው አስቀምጠዋል።