ሆስፒስ ያስተማረኝን ይዤ ደሴ ስገባ

አሜሪካ ውስጥ ለሆስፒስ በጎ ፈቃደኛነት ስመዘገብ ሥልጠናው የጀመረው ከማይፈቀደው ነው። መድኃኒት አትሰጪም። በሽተኛውን ከአልጋ አታነሺም። ስለ ሕክምናው ምክር አትሰጪም፤ ቤቱ ውስጥ የሰማሽውን ውጭ አታወሪም። ታዲያ ሄጄ ምን ልሠራ ነው ብዬ ጠየቅኩ። አሠልጣኟ «ትቀመጫለሽ» አለችኝ።

ለማያውቀው ልንገር። ሆስፒስ፣ በሽታው በተለመደው መንገዱ ከቀጠለ 6 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ቀርቶታል ተብሎ ለሚገመት ሰው የሚሰጥ እንክብካቤ ነው። ለማዳን የሚደረገው ትግል ይቆምና ሕመምን ማስታገስ፣ ትንፋሽን ማቅለል፣ ቤተሰብን መደገፍ ይተካል። ዘመናዊውን አሠራር የጀመሩት ሲሲሊ ሳውንደርስ የሚባሉ እንግሊዛዊት ናቸው፤ ነርስም ማኅበራዊ ሠራተኛም ሆነው ከሠሩ በኋላ ነው ሕክምና ተምረው በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው በሽተኛ አገልግሎቱን የሚያገኘው በሚኖርበት ቤት ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት አዛውንቶችን የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍላቸው ሆስፒሶች ደግሞ ተቀጣሪዎቻቸው ለበሽተኛ ከሚያውሉት ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶ የሚያህል የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት እንዲያሟሉ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። በሽተኛ አጠገብ መቀመጥ በሕግ መጻፉ ዛሬም ልቤን ይነካዋል።

ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞቼ አንዱ አዛውንት የአትክልት ዘር ሻጮች የሚልኩትን መጽሔት እንዳነብላቸው ብቻ ነበር የሚፈልጉት። የቲማቲሙን ዓይነት፣ የሚዘራበትን ወር፣ በስንት ቀን እንደሚያፈራ። የማይደርሱበትን የሚቀጥለውን ጸደይ ነው የሚያቅዱት። እኔ ስለ ሕይወታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ እምነታቸው ላጫውታቸው እችል ነበር፤ እሳቸው የመረጡት ግን ቲማቲም ነው፤ ቲማቲም አነበብኩ። አንድ ቀን ገጹን ሳልገልጥ «ልሞት ነው አይደል?» አሉኝ። በሥልጠናው እንደተማርነው «አይ፣ ይድናሉ» አላልኩም፤ «አዎ» የማለትም ድርሻ የእኔ አይደለም። «ምን አሳሰበዎት?» አልኳቸው። ያን ቀን መጽሔቱ አልተነበበም። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ስለተኳረፉበት ነገር ሲነግሩኝ አመሹ፤ በማግሥቱ ነርሷ ስልክ ደውላ አገናኘቻቸው።

አክስቴ መታመሟን ሰምቼ ደሴ የገባሁት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ቤቷ ሆጤ አካባቢ ነው፤ በሩ ሲከፈት የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ሐኪሞቹ ነቀርሳው መሰራጨቱን የነገሩት ለልጆቿ ነው። ልጆቿ ደግሞ «ጨጓራ ነው» አሏት።

ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ከሰፈር፣ ከቅሬው (የወሎ ዕድር ነው)፣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡ አሉ። አንዱ «እግዜር ይማርሽ» ሲል ሌላው «አላህ ያሽርሽ» ይላል፤ ወሎ ነውና። አሜሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በሩ የማይንኳኳ ስንት በሽተኛ አይቻለሁ፤ ይህን ፍቅር የሚያህል ነገር እዚያ የለም። ግን አልጋው አጠገብ ስቀመጥ ሌላም ነገር አየሁ። ጠያቂው እርስ በርሱ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ሠርግ ያወራል፤ አክስቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ ጭሱ ያስላታል፤ እንግዳ ይቀየማል ብላ ዝም ትላለች። በጠና ታማም ሰው እያስተናገደች ነበር።

ከሁሉ የከበደው የምግቡ ነገር ነው። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ!» እያሉ ገንፎ ያጎርሷታል፤ ትውጥና ታስመልሳለች። ሆስፒስ ውስጥ ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ነገር አለ፦ እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው የሚሞተው መብላት ስላቆመ አይደለም፤ መብላት የሚያቆመው ሰውነቱ ለሞት እየተዘጋጀ ስለሆነ ነው። አስገድዶ ማጉረስ ያስመልሰዋል፣ ትን ሊለውና ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚጠቅመው አፉን በራሰ ጥጥ ማርጠብ፣ ከንፈሩን ቫዝሊን መቀባት ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ነገርኳትና አለቀሰች። እናቷን በረሃብ የምትገድል መስሏት ሌሊቱን ሁሉ ሾርባ ስታሞቅ ነበር የምታድረው።

አክስቴ ስለ ሞት መናገር የጀመረችው ጠያቂው ቀለል ባለበት አንድ ከሰዓት ነው። «መድኃኔዓለም ባሌ አጠገብ...» ስትል ልጇ ከጓዳ «ኧረ እማዬ፣ ክፉ አትናገሪ!» ብላ አቋረጠቻት። እኔ ወንበሬን አስጠጋሁና «ሌላስ ምን አሰብሽ?» አልኳት። ጨጓራ እንዳልሆነ ከመነሻውም ታውቅ ነበር። ልጆቿ እንዳያዝኑ ብላ ያላወቀች መስላ ኖራለች፤ እነሱ እሷ እንዳታዝን፣ እሷ እነሱ እንዳያዝኑ ሲሸሻሸጉ ወራት አለፈ። የነገረችኝን ሁሉ እዚህ አልጽፍም። ያልተመለሰ ብድር ነበር። የንስሐ አባቷ ሰው በሌለበት እንዲመጡላት ፈለገች። ሰውነቷ ሲደክም ደግሞ አጠገቧ እንዲሆኑ የምትፈልገው ጎረቤቷን ሐጅያን ነው፤ «እሷ አታለቅስብኝም፣ እጄን ትይዘኛለች» አለች። ማታ ልጇን ጠርታ ሁሉንም ራሷ ነገረቻት። ተላቀሱ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ ቀረ።

ሕመሙን በቃል ብቻ አናስታግሰውም። የሚዋጥ ሞርፊን በሐኪም ልክ ሲሰጥ ሰውን አይገድልም፣ ሱሰኛም አያደርገውም፤ ይህን የሚፈራ ቤተሰብ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሽተኛን ቤቱ ድረስ እየሄደ ይረዳል፤ እንዲህ ያለ ነገር በየከተማው ቢኖር ብዬ እመኛለሁ። እስከዚያው ግን ደሴ ያላት ነገር ቅሬ ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጀበና፣ ተረኛ፣ ቀሪ የሚቀጣ ደንብ፣ ሁሉም አለው፤ ሁሉም የሚነሳው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ ተራ ላይ ጥቂት ሰዓት ከሞት በፊት ቢመጣስ? አንድ ሰው ብቻ፣ ወሬ ሳያበዛ ይቀመጥ፤ አስታማሚዋ ትተኛ።

ይህን ለቅሬው ጸሐፊ አንስቼላቸው ነበር። «ደንቡ ስለ ለቅሶ እንጂ ስለ በሽተኛ አይልም፤ ለስብሰባ ይቅረብ» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ለስብሰባ ይቀርባል። ሐጅያ ግን ስብሰባውን አልጠበቁም። ማክሰኞና ዓርብን ወሰዱ፣ እህታቸው ሐሙስን ያዘች፤ ለቀሪዎቹ ቀናት ሰው እየፈለግን ነው።