ስሩ ወጥቷል

ፀጉሬን ከመሃል ከፍዬ መስታወት ፊት ቆምኩ። ሁለት ጣት የሚሆን ስር ወጥቷል። ከታች ያለው ቀጥ፣ አዲስ የበቀለው ጥቅልል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ጋ ማበጠሪያው ሲደርስ ጠቅ ይልና አንድ አጭር ፀጉር ትከሻዬ ላይ ይወድቃል። ፀጉር በወር 1.2 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ እኔ ደግሞ ሪላክሰር፣ ያ ጥቅልል ፀጉርን የሚያቀናውን ክሬም፣ ከተቀባሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ወይ እቀባለሁ ወይ እተዋለሁ። ስሩ በወጣ ቁጥር መተውን አስባለሁ፣ አስቤ ስጨርስ እቀባለሁ። ስለዚህ ራሴን ሳላታልል ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፦ የትኛውን?

የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ሁለት እቃ ደርድሬያለሁ። አንዱ ፊቱ ላይ በትልቁ «ኖ ላይ» የተጻፈበት ካርቶን ነው፤ ውስጡ ክሬም፣ ትንሽ የፈሳሽ ጠርሙስ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ጓንትና ሻምፖ አለው። ሌላው አፈ ሰፊ የፕላስቲክ እቃ ነው፤ የሚቀላቀል ነገር የለውም፣ ክዳኑን ከፍቶ መቀባት ብቻ። «ላይ» (lye) የሚሉት ኃይለኛ ኬሚካል ያለበት እሱ ነው፤ ግን «አለብኝ» ብሎ አይጮህም፣ የሌለበት ነው የሚጮኸው። (ልጆች ሳለን እኔና እህቴ «ኖ ላይ»ን እንደ አማርኛ እያነበብን «ላይ የለም፣ ታች ብቻ ነው» ብለን እንስቅ ነበር። እስከ ዛሬ ካርቶኑን ሳይ ሳቄ ይመጣል።)

እህቴ ትናንት በስልክ «አንቺ ደግሞ ምን ያስጨንቅሻል፣ ኖ ላዩን ተቀቢ፣ ለስላሳው እሱ ነው» አለችኝ። ፀጉሬን የሚሠሩልኝ እትዬ ደግሞ ባለፈው ጫፉን በጣታቸው እያሹ «የኔ ልጅ፣ ይሄ የምታመሰግኚው ኖ ላይ ነው እኮ ያደረቀብሽ» ብለውኛል። ሁለቱም የሚያወሩት የሚያውቁትን ነው፤ እህቴ ቶሎ የሚቆጣውን የራስ ቆዳዋን፣ እትዬ በእጃቸው ያለፈውን የሰው ሁሉ ፀጉር።

ስለ ላይ ያለኝ የመጀመሪያ ትዝታ ከጆሮዬ ጀርባ ያለች ጠባሳ ነች። 17 ዓመቴ ነበር። ፎረፎር ነበረብኝና ሌሊቱን ራሴን በጥፍሬ ስቧጥጥ አደርኩ፤ ጠዋት ደግሞ ንጹህ ሆኜ ልሂድ ብዬ በሻምፖ እያሸሁ ታጠብኩ። መደረግ የሌለባቸውን ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን። ማከኩ ቆዳውን በማይታይ ጭረት ይሞላዋል፣ መታጠቡ ደግሞ የሚከላከልለትን ቅባት ይገፈዋል። ክሬሙ ሲነካኝ መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ። ቀጥሎ ሞቀኝ። ከዚያ ከጆሮዬ ጀርባ ክብሪት የተጫረ መሰለኝ። «ያቃጥላል» ስል «ቻዪው፣ እየሠራ ነው» ተባልኩ። ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን ማበጠሪያው ቅርፊት ይዞ ወጣ፤ ትራሴ ላይ ቢጫ ውሃ ነበር። ፀጉሬ ግን ቀጥ ብሎ ነበርና ቁስሉን በእሱ ሸፍኜ፣ በእሱው ኮርቼ ሰነበትኩ።

«እየሠራ ነው» የሚባለው ውሸት መሆኑ እስኪገባኝ ዓመታት ፈጀ። ክሬሙ የሚሠራው ፀጉር ላይ ነው፤ ፀጉር ደግሞ አያመውም፣ ቢቆርጡትም አይጮህም። ካቃጠለሽ የተያዘው ቆዳሽ ነው፤ የሚቀጥለው ሥራ መታጠብ እንጂ መቻል አይደለም።

ላይ ማለት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ። ቅባትን ሳሙና የሚያደርገው፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍተው እሱው ነው። ሪላክሰር ውስጥ ከ1.5 እስከ 3.5 በመቶ ገደማ ሆኖ፣ በክሬም ተለውሶ ይገባል፤ እንደዚያም ሆኖ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት ልኬቱ) ከ12 በላይ ነው። ፀጉር የሚስማማው ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው ነው። ይህ ልኬት ደግሞ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ኃይሉ በአሥር እጥፍ የሚያድግ ስለሆነ፣ ቁጥር ከቁጥር ቀንሰን የምንረዳው ነገር አይደለም። ሪላክሰር በአሉሚኒየም ሳህን የማይበጠበጠውና በብረት ማበጠሪያ የማይነካው ለዚህ ነው፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ከዚያች ጠባሳ በኋላ ወደ ኖ ላይ ሸሸሁ። ዘጠኝ ዓመት፣ ቤቴ ውስጥ፣ ብቻዬን፣ ካርቶኑ ላይ የምትስቀዋን ልጅ እያየሁ። በእርግጥም አላቃጠለኝም፤ ቢበዛ ቆንጠጥ ነው የሚያደርገኝ። ክሬሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ስሙ አያስፈራችሁ፣ ውሃ የጠጣ ኖራ ነው። ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጓኒዲን ካርቦኔት ይባላል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ ይወለዳል፤ ፀጉሩን የሚያቀናው እሱ ነው። ከተቀላቀለ በኋላ የተረፈው ለሌላ ጊዜ ተብሎ አይቀመጥም፣ ይጣላል። ግን ከዚያ ድብልቅ የሚወለደው መንታ ነው። ሁለተኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የተፈጥሮ ጠመኔ ማለት ነው። ኖራ አስገብተሽ ጠመኔ ታወጪያለሽ፣ ጠመኔው ፀጉርሽ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ይህን ያወቅሁ ቀን ዘጠኝ ዓመቱ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ለካ ታጥቤ ስጨርስ ፀጉሬ ጣቴ መሃል እንደ ታጠበ ብርጭቆ ሲጥ ሲጥ የሚለው ለዚህ ነው። መብራት ስር ብሆን የማያበራው፣ ቅባት ብቀባው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ የሚቀረው፣ ጫፉ እንደ ገለባ የሚሰበረው። እኔ ደረቀ እያልኩ ቅባት እጨምራለሁ፣ ቅባቱ ጠመኔው ላይ ይቀመጣል፣ ጠመኔው ካለበት አይነቃነቅም። የሚያወጣው እንደ ካልሲየም ያሉ ማዕድናትን ቆንጥጦ የሚያነሳ ሻምፖ ነው፤ ኬሌቲንግ ሻምፖ ይሉታል። ካርቶኑ ውስጥ ካለው ሻምፖ ይለያል። መጀመሪያ ቀን ስታጠብበት አረፋው ሳይወርድ ነው ፀጉሬ መለስለሱ በጣቴ የታወቀኝ። ተናድጄ አለቀስኩ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ተናድጃለሁ ግን።

ሌላም የሚያናድድ አለ። «ኖ ላይ» የሚለው ጽሑፍ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለም ማለት ነው እንጂ የሚያቃጥል ነገር የለም ማለት አይደለም። የኖ ላዩም ፒኤች ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ካቆየሽው እሱም ያቆስላል። እንዲያውም ምንም የማይቀላቀልባቸው አንዳንድ «ኖ ላዮች» በሊቲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠሩ ናቸው፤ ለላይ የቅርብ ዘመድ ነው። እኔ አሁን የካርቶኑን ፊት ትቼ ጀርባውን ነው የማነበው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም ወይም ሊቲየም ከሃይድሮክሳይድ ጋር አብሮ ካየሁ ፊቱ ላይ የፈለገው ይጻፍ፣ ከላዩ ወገን እደምረዋለሁ።

ፀጉሩን ራሱን ከጠየቅነው ሁለቱ የሚያደርጉት አንድ ነው። የፀጉርን ቅርጽ ከሚይዙት ማሰሪያዎች ጠንካራው ሁለት ድኝ ተያይዘው የሚሠሩት ነው፤ ሪላክሰር ከሁለቱ አንዱን አውጥቶ በአንዱ ብቻ የታሰረ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ፀጉሩ አድጎ እስኪቆረጥ እንዲያው ነው። የተቀባ ፀጉር ላይ ድጋሚ መደረብ የሚሰብረውም ለዚህ ነው፤ የቀሩት ማሰሪያዎችም ሲፈቱ የሚይዘው ያጣል። ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ላይ ለማጠቅለል ታዮግላይኮሌት በሚባል ሌላ ኬሚካል የሚሠራ ፐርም የደረበች ጓደኛ ነበረችኝ። ከፀጉሯ እኩሌታው ማበጠሪያው ላይ ቀረ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ደግሞ በልብስ ስፌት መኪና ነው ይባላል። ጋሬት ሞርጋን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1923 ለትራፊክ ምልክት የፈጠራ መብት ያገኘው ሰውዬ፣ በፍጥነት የሚሠራ መርፌ ሱፉን እንዳያቃጥልበት ፈሳሽ ሲቀምም እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ተመልሶ ሲያየው የጨርቁ ፀጉር ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የጎረቤት ውሻ ላይ ሞከረው፣ ሠራ። ከዚያ የራሱ ራስ ላይ። እ.ኤ.አ. በ1913 የፀጉር ቅባት ኩባንያ ከፈተበት። ታሪኩን በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ውሻው ነው፤ እሱም «ቻለው፣ እየሠራ ነው» ተብሎ ይሆን?

ወደ እትዬ ልመለስ። ላይ ያለውን ነው የሚሠሩበት፣ ግን እንደሳቸው የሚሠራ አላየሁም። ገና ስቀመጥ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አክከሻል? ታጥበሻል?» ይሉኛል። አዎ ካልኩ ወደ ቤቴ ነው፣ ልመና አይሰሙም። ከዚያ ቫዝሊኑን በግንባሬ ዳር፣ በጆሮዬ ዙሪያ፣ በማጅራቴ እየለጠፉ ይዞራሉ፤ ጠባሳዬ ላይ ሲደርሱ ደጋግመው። ክሬሙን የሚያስነኩት የወጣውን ስር ብቻ ነው፤ ድሮ የተቀባውን ኮንዲሽነር ለብሶ እንዲቆይ ያደርጉታል። ስልካቸው ቢጮህ አያነሱም። ዓይናቸው ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው፤ ላይ ፈጥኖ ይሠራል፣ ፈጥኖም ያበላሻል። «ላዩ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፣ ወሬም ያቃጥላል» ይላሉ፤ ወሬ ይዞት ሰዓት የረሳ እጅ ማለታቸው ነው። ሲያጥቡኝም አይቸኩሉም። በለብታ ውሃ ክሬሙ ጥርግ ብሎ እስኪወጣ፣ ከዚያ ቀለም በሚቀይረው ሻምፖ። አረፋው ሮዝ ከሆነ ፀጉሩ ውስጥ ገና ቀርቷል፤ ይታጠባል፣ እንደገና ይታሻል፣ ነጭ እስኪሆን። አንድ ጊዜ ለአራተኛ ሲያጥቡኝ «እትዬ፣ ነጭ ሆነ እኮ» ብላቸው አረፋውን በመዳፋቸው ይዘው ፊቴ ላይ አመጡት። ጠርዙ ላይ እንደ ጽጌረዳ ውሃ የፈዘዘ ሮዝ ነበር። «ይሄ ነው ማታ ትራስ ላይ የሚበላሽ» አሉኝ።

እህቴ «ለስላሳው» የምትለው ለቆዳ ነው፣ ልክ ናት። እትዬ «ያደርቃል» የሚሉት ለፀጉር ነው፣ ልክ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ያሸሸኝ ግን ላዩ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሸሸሁት ያንን «ቻዪው» ያለኝን እጅ ነው።

አንዱም ካርቶን የማይመልሰው ጥያቄ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው ያገኙትን አሳትመዋል። እንደ ሪላክሰር ያለ ፀጉር ማለስለሻ ፈጽሞ ካልተጠቀሙት መካከል እስከ 70 ዓመታቸው የማህፀን ካንሰር የሚይዛቸው 1.64 በመቶ እንደሚሆኑ፣ ደጋግመው ከሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ እንደሚሆኑ ገመቱ። ማለስለሻው ነው ያመጣው ብለው አልፈረዱም፤ የትኛው ዓይነት፣ ምን የተቀመመበት ብለው መረጃ አልሰበሰቡም። ስለዚህ ላይ ይሁን ኖ ላይ የሚለው የእኔ ክርክር እዚያ ቦታ የለውም። «ደጋግሞ» ያሉት ግን በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ነው። አንብቤ ስጨርስ ያለፈውን ዓመት በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት።

ካርቶኑን ለእህቴ እሰጣታለሁ፣ ከኬሌቲንግ ሻምፖው ጋር፤ የእሷ ቆዳ ላይን አይችልም፣ ሻምፖውን ካልተጠቀመች ግን እኔ የሆንኩትን ትሆናለች። አፈ ሰፊውን እቃ ቤት ውስጥ ራሴ ልቀባው ብዬ ነበር የገዛሁት፤ የራሴን ማጅራት ሳላይ ላይ ልቀባ ማለት እብደት ነው፣ ክዳኑን ሳልከፍት ለእትዬ አደርስላቸዋለሁ። እሳቸው ይቀቡኝ። ደግሞ በየሁለት ወሩ አይሆንም፤ ስሩ ሦስት ጣት ይሁን፣ የሚታይ ከሆነም ይታይ። በዓመት ሦስቴ፣ ቢበዛ አራቴ።

ቀጠሮዬ ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። እስከዚያ ማከክ የለም፣ መታጠብ የለም። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ጀምሮ ግን ከጆሮዬ ጀርባ፣ ያቺው ቦታ፣ ይበላኛል። ግራ እጄን ጭኔ ስር አድርጌ ተቀምጬበታለሁ።