የእቴቴ ሽልንጎች

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ እቴቴ መድኃኒት ቤቴ ድረስ መጡ። ለግፊት መድኃኒታቸው መስሎኝ ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። 23 ሽልንግ (የድሮ ሃምሳ ሳንቲም) እና 4 ጠገራ ብር።

«እስቲ መዝኚልኝ ልጄ። ያንቺ ሚዛን አይዋሽም» አሉኝ።

ለካ ጠዋት ፒያሳ አንድ ብር ቤት ሄደው ነበር። ሰውየው ጠገራዎቹን መዝኖ ዋጋ ነገራቸው። ሽልንጎቹን ግን «ኒኬል ናቸው እማማ፣ ከፈለጉ አብሬ ልውሰድልዎት» አላቸው። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ኒኬል ያለበት በ1969 የወጣው የደርግ ሃምሳ ሳንቲም ነው። የጃንሆይ መልክ ያለበትና 1936 የሚለው ሽልንግ ግን እውነተኛ ብር ነው። ያኔ ሰዉ የለመደው ጠገራ ነበር፤ ወረቀት ገንዘብ እንዴት ይመን? ስለዚህ ከአዲሱ ወረቀት ጋር ብር ያለበት ሽልንግ ወጣ። ብሩን በጦርነቱ ጊዜ ያበደረችን አሜሪካ ናት። 30 ሚሊዮን ሽልንግ ተመታበት። አንዱ 7.03 ግራም ሲመዝን 80 በመቶው ብር ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ 70 በመቶ ብር ያለበት ተመታ፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን ያው 1936 ስለሆነ በዓይን አይለዩም።

ጠገራው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 የሚል ቁጥር አለ። ይህ መልኳ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው እንጂ ሳንቲሙ የተመታበት አይደለም። በዚያው ቁጥር ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሳይቀር ሲመታ ኖሯል። የትም ይመታ ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፣ ንጹሕ ብሩ 23.39። ወቄት የምንለው መለኪያም የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የእቴቴ 4 ጠገራ 93 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። ሽልንጎቹ ቢያረጁም፣ ሁሉም ባለ 70 ናቸው ብንል እንኳ፣ ከ100 ግራም ያልፋሉ። ሰውየው «አብሬ ልውሰድልዎት» ያለው ከጠገራዎቹ የበለጠውን ብር ነበር! የዕለቱን የብር ዋጋ በግራም ጠይቆ ማባዛት ብቻ ነው። ከዚያ በታች የሚከፍል ሰው ቢመጣ ሳንቲሙን ቋጥሮ መውጣት ነው።

መሆን አለመሆኑን በውሃ ፈተንኩት። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩት። ሳንቲሙን በክር አስሬ ታችም ጎንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ደረቅ ክብደቱን አሁን ሚዛኑ ለሚያሳየው ቁጥር ማካፈል ነው። ጠገራው 2.75 አሳየ፤ ሲካፈል 10.2 መጣ። ልክ ነው፤ ብር የበዛበት ሳንቲም 10 አካባቢ ይመጣል፣ መዳብና ኒኬል ግን 9 ገደማ። ሽልንጎቹም እዚያው 10 አካባቢ ሆኑ። (በባኪንግ ሶዳ አትፈግፍጓቸው፣ አደራ። ሰብሳቢ የተፈገፈገ ሳንቲም አይወድም። ለሐብል ተብሎ ቀለበት የተበየደበት ጠገራም ዋጋው ይወርዳል።)

አንዷ ሽልንግ ግን እምቢ አለችኝ። ደግሜ ደጋግሜ ብሞክር 9 እንኳ አልሞላችም። ዳሯን በመነጽር ሳየው ቀይ መዳብ ነው። ጽሑፏን አነበብኩ፤ ስሙኒ ናት፣ ሃያ አምስት ሳንቲም!

መጀመሪያ የወጣው ስሙኒ ክብ መዳብ ነበር፣ መጠኑም ሽልንግ የሚያክል። አንዳንዱ ብልጣብልጥ ብር ይቀባውና በሃምሳ ሳንቲም ሂሳብ ይሰጠው ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው ጃንሆይም አንበሳውም ያው ናቸው። ለዚህ ነው መንግሥት ክቡን ሰብስቦ ዳሩ እንደ አበባ የተከረከመ ስሙኒ ያወጣው።

ይህን ስነግራቸው እቴቴ ሳንቲሟን ከእጄ ወሰዱ። ብዙ ጊዜ አገላበጧት።

«እናቴ ቃሪያና ጎመን ትቸረችር ነበር» አሉ። «ማንበብ አትችልም ነበር።»

ሽልንጎቹንና ጠገራዎቹን መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ስሙኒዋን ለብቻዋ በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት።