ዘንጉ አሎይ ነው

የቤታችን መካኒካል ኢንጅነር እኔ ነኝ። ቴሌቪዥን ሲበላሽ እኔ እጠራለሁ። ስለ ብረት ሲወራ ግን የሚሰማኝ የለም።

ታናሽ ወንድሜ ስፖርት ጀመረና ፑል አፕ የሚሠራበት ዘንግ ግቢ ውስጥ ፈለገ። ቦታ አልጠፋም፤ በማድ ቤቱ ግድግዳና በአጥሩ ምሰሶ መሃል 1.5 ሜትር ክፍተት አለ። ከግንባታ የተረፈ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ አጋደመበት። ልጁ 85 ኪሎ ነው። ተንጠለጠለ። እሱ ሲወርድ ፌሮው አብሮት ወርዶ ሙዝ ሆኖ ቀረ።

ወዲያው ሸንጎ ተቀመጠ። ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ለሳቸው በባሌስትራ የማይፈታ ችግር የለም። «ባሌስትራ ይሰበራል እንጂ ጎብጦ አይቀርም» አሉ። እሺ፣ የወንድሜ አንገትስ?

ወንድሜ ደግሞ ስቴንለስ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል።

«ስማ» አልኩት፤ «304 የሚባለው ተራው ስቴንለስ ውስጡ ያለው ጫና 205 ሜጋፓስካል አካባቢ ሲደርስ ጎብጦ ይቀራል። ግሬድ 60 የሚባለው ፌሮ እስከ 420 ድረስ ይችላል። ስቴንለስ የሚችለው ዝገትን ነው እንጂ አንተን አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ይወደዳል?» አለች እማዬ። ለዚህ ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ መልስ አላስተማረኝም።

ዋናውን ነገርም ነገርኳቸው። ብረት ክብደት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚለመጥ የሚወስነው አሎዩ፣ ማለትም ብረቱ ውስጥ የተቀላቀለው ነገር፣ አይደለም። ርካሹም ውዱም ብረት በዚህ በኩል ያው ነው፣ ግትርነቱ 200 ጊጋፓስካል አካባቢ። አሎይ የሚጠቅመው ተለምጦ እንዲመለስ፣ ጎብጦ እንዳይቀር ነው። መለመጡን መቀነስ የፈለገ ውፍረት ይጨምር። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መለመጡ በ16 እጥፍ ይቀንሳል። እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ። ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ «ይሄ ልጅ ብር ማውጣት አይፈልግም» ብለው ለእማዬ ሹክ አሏት።

ቅዳሜ ወንድሜ መርካቶ ይዞኝ ሄደ። ብረት ሻጩ ገና ሲያየን ገባው። ጫፉ ቢጫ የተቀባ ባለ 16 ዘንግ ጎትቶ አወጣና «አርባ አንድ አርባ ነው ብራዘር፣ ኦሪጅናል አሎይ» አለ። ወንድሜ ቁጥሩን ሲሰማ ዓይኑ በራ። በእርግጥ 4140 ጥሩ ብረት ነው። 0.4 በመቶ ካርቦን፣ 1 በመቶ አካባቢ ክሮሚየምና ጥቂት ሞሊብዲነም አለው፤ አክስል ይሠራበታል። ግን ቢጫ ቀለም ማንም መቀባት ይችላል።

ሻጩ ጥርጣሬዬን ፊቴ ላይ ሳያነብ አልቀረም። ግራይንደር አስነስቶ ጫፉን ነካ አደረገው። ብልጭታው ረጅም ነው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ እንደገና ይፈነዳና ቅርንጫፍ ያወጣል። ካርቦን ያለው ብረት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የስቴንለስ ቢሆን አጠር፣ ቀላ ብሎ ይጠፋ ነበር። ካርቦን እንዳለው አመንኩ። ክሮሚየሙን ግን በዓይን ማየት አይቻልም፣ እኔም ይህንኑ ተናገርኩ። በአካባቢው የቆመ ሁሉ፣ ሻይ አመላላሹ ሳይቀር፣ በሐዘኔታ አየኝ። ወንድሜ ከፈለ። ዋጋውን እማዬ ስለማትሰማው አልጽፈውም።

«16 ነው እኮ፣ ያው የድሮው ውፍረት!» እላለሁ።

«አሎይ ነዋ!» ይላል።

በያጅ ተጠርቶ ዘንጉ ተሰቀለ። እሁድ ጠዋት እማዬ ማንንም ሳታማክር አንዱን ጫፍ ለቋንጣ ያዘችው። ጥላ አለው፣ ነፋስ አለው፣ ምን ይወጣለታል። ወንድሜም «እኔ መሃሉ ይበቃኛል» ብሎ ዘሎ ያዘ። ዘንጉ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ታች ተለመጠ፤ በሒሳብም የሚወጣው ይኸው ነው። ጋሼ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አውጥተው «አየህ፣ አልጎበጠም!» አሉኝ።

ልክ ናቸው፣ አልጎበጠም። ወንድሜ ደክሞት በአንዴ ሲለቀው ዘንጉ ድው ብሎ ተመለሰ። ያ ሁሉ ቋንጣ አየር ላይ ወጣ። ገሚሱ ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ አረፈ፤ የተቀረው አጥር ተሻገረ። አንዷ ዘለላ የጋሼ ትከሻ ላይ ተንጠለጠለች። ውሻቸው ሌላውን መሬት ሳይነካ ቀለበው። እማዬ ከማድ ቤት ወጥታ ጣሪያውን አየች፣ ውሻውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «አንተ ኢንጅነር አይደለህ እንዴ? ዝም ብለህ ታያለህ?»

በማግስቱ ማንንም ሳላማክር የአንድ ኢንች የውሃ ቧንቧ ገዛሁ። የውጭ ውፍረቱ 33.7 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 3.2። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጋሼ አሾፉብኝ፤ «ውሃ ሊጠጣበት ነው?» አሉ። ወንድሜ ግን ሲንጠለጠልበት 7 ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ መለመጡን ያየሁት ክር ወጥሬ ነው። ቋንጣው ንቅንቅ አላለም።

ያንን ውድ ዘንግ እማዬ አስቆርጣ የቡና ዘነዘና አሠራችበት። ወንድሜ ቧንቧውን ጥቁር ቀብቶታል። ባለፈው ጓደኞቹን አምጥቶ በተራ በተራ ሲያንጠለጥላቸው «እንዴት እንዲህ ቻለ?» ብለው ሲጠይቁት ሰማሁ።

«አሎይ ነው» አላቸው። የሻጩንም ስልክ ሰጣቸው።