የጃማይካን የአገር መግለጫ ያዘጋጀሁበት መንገድ

ስለ ጃማይካ በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሬጌ ይጀምርና ሻሸመኔ ላይ ያልቃል። ለሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ባለአራት ገጽ መግለጫ ሳዘጋጅ የተከተልኩት ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ ዝናቡ፣ ከዚያ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ የሚወጣው ኢኮኖሚ፣ በመጨረሻ ሕዝቡ። የቆዳ ስፋት፣ ዋና ከተማ፣ ዋና ምርት እያሉ መደርደር ይቀላል። ግን ተማሪው ቡናው ለምን በምሥራቅ፣ ቦክሳይቱ (የአሉሚኒየም ጥሬ ማዕድኑ) ለምን በመሃል እንደሚገኝ ሳይገባው ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከካርታው ነው። ደሴቲቱ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 235 ኪሎ ሜትር ትረዝማለች፤ ሰፊ በሆነችበት ቦታ ደግሞ ከ80 ኪሎ ሜትር ጥቂት ታልፋለች። በ1፡1,000,000 መስፈርት ሲሣል ርዝመቱ 23.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አግድም የተቀመጠ ኤ4 ወረቀት ህዳግ ተርፎለት ይይዘዋል። የዚህ መስፈርት ጥቅሙ 1 ሚሊ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ ተማሪው በተራ ማስመሪያ ርቀት ይለካል። መስፈርቱን ግን በቁጥር ብቻ አልጻፍኩትም። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱን ትንሽ ባሳነሰው ቁጥር የተጻፈው መስፈርት ውሸት ይሆናል፤ በመስመር የተሣለው መስፈርት ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስ ትክክል እንደሆነ ይቆያል።

የከፍታ መስመሮችን በየ100 ሜትሩ ማስገባት አያስኬድም። በምሥራቁ ጫፍ ያለው ብሉ ማውንቴን ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ 2,256 ሜትር ስለሚደርስ መስመሮቹ ተደራርበው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። 300፣ 900 እና 1,700 ሜትር ብቻ ወሰድኩ፤ የላይኞቹ ሁለቱ የቡናውን ቀበቶ ስለሚያሳዩ ነው። ለእኛ ተማሪ ደግሞ አንድ ማነጻጸሪያ ጨመርኩ፦ የጃማይካ ከፍተኛው ጫፍ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ዝቅ ይላል። ስፋቷ 10,991 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ኢትዮጵያ በግምት መቶ ጃማይካ ትሆናለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች የያዘ ልጅ ሌላውን ቁጥር በልኩ ያየዋል።

ዝናቡን በአገር አቀፍ አማካይ መግለጽ ከንቱ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ እርጥበት ይዞ ይመጣና ተራራውን ሲወጣ ያራግፈዋል። ፖርትላንድ በተባለው ፓሪሽ (የአገሪቱ የአስተዳደር ክፍል) ያሉ ከፍተኛ ቦታዎች በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛሉ፤ ከተራራው ጀርባ በዝናብ ጥላ ሥር ያለችው ዋና ከተማዋ ኪንግስተን 800 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ይደርሳታል። ሁለቱን በአንድ ካርታ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ መሃላቸውን በማስመሪያ ማስለካት በቂ ነው፤ ማብራሪያ አያሻውም።

ብዙ ጽሑፎች ዘለውት የሚያልፉት ድንጋዩ ነው፤ እኔ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠሁት። የደሴቲቱ ሁለት ሦስተኛ ያህል የኖራ ድንጋይ ነው። ኮክፒት ካንትሪ በሚባለው አካባቢ ዝናቡ ድንጋዩን እያሟሟ ጥልቅ ጎድጓዳዎችና ሾጣጣ ኮረብታዎች ሠርቷል። ውኃው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ወንዝ ይጠፋና ሌላ ቦታ ይወጣል። ፈረስ የማይገባበት ይህ መሬት ከባርነት ያመለጡት ማሩኖች ምሽግ ነበር። በኩጆ የተመሩት ማሩኖች የእንግሊዝን ጦር ለዓመታት ተከላክለው በ1739 እ.ኤ.አ. ውል አስፈርመዋል፤ አኮምፖንግ የተባለው መንደራቸው ዛሬም አለ። ታሪኩን በታሪክ ክፍል ሳይሆን እዚህ ያስገባሁት ያለ ድንጋዩ ስለማይገባ ነው።

በኖራ ድንጋዩ ጎድጓዳዎች ውስጥ የተጠራቀመው ቀይ አፈር ቦክሳይት ነው። ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም፤ የላዩ አፈር ተገፍቶ ለብቻው ይከመራል፣ ማዕድኑ ይጫናል፣ ከዚያ አፈሩ ይመለሳል። ይኸው ቀይ አፈር በሴንት ኤልዛቤት ፓሪሽ ደቡባዊ ሜዳ ላይ የሽንኩርት፣ የጦስኝና የሐብሐብ እርሻ ነው። ቦታው ደረቅ ስለሆነ ገበሬዎቹ ጊኒ ግራስ የተባለውን ረጅም ሣር አጭደው ያደርቁና መደቡን ይጎዘጉዙበታል፤ ችግኙ ከጉዝጓዙ መሃል ይወጣል። ሣሩ ፀሐይን ከልክሎ እርጥበቱን ይይዛል፣ አረምንም ያፍናል። ለማዕድንና ለእርሻ የሚሻሙት አንድ አፈር መሆኑን ያላየ ሰው በአገሪቱ ስላለው የመሬት ክርክር ምንም አይገባውም።

የቦክሳይት ቁጥሮች ወጥመድ አላቸው። ከፊሉ ጥሬውን ይላካል፤ ከፊሉ እዚያው በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ሟሙቶ አሉሚና የተባለ ነጭ ዱቄት ይሆናል። አንድ ቶን አሉሚና ከ2 እስከ 3 ቶን ቦክሳይት ይፈልጋል። ስለዚህ የተቆፈረውን ቦክሳይትና የተላከውን አሉሚና መደመር አንዱን አፈር ሁለቴ መቁጠር ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ በተለያየ ዓምድ መቀመጥ አለባቸው። ለምን እስከ አሉሚኒየም አይዘልቁም? አንድ ቶን አሉሚኒየም ለማውጣት 14,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ጃማይካ ደግሞ ነዳጇን ከውጭ ታስገባለች።

ኢኮኖሚውን በአንድ ክብ ግራፍ ለማሳየት መሞከር የተለመደ ስህተት ነው። ግብርና የጥቅል አገር ውስጥ ምርት ክፍል ነው። ቱሪዝም ግን በሆቴል፣ በትራንስፖርትና በንግድ ውስጥ ተበታትኖ ስለሚቆጠር ራሱን የቻለ ቁራሽ የለውም። ከለንደን፣ ከኒውዮርክና ከቶሮንቶ የሚገባው ሐዋላ በቅርብ ዓመታት ከ3 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው፤ ከምርቱ አንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ ይነጻጸራል እንጂ የምርቱ አካል አይደለም። ሁሉን አንድ ክብ ውስጥ የከተተ ሰው ድምሩ ከመቶ ሲያልፍበት ነው የሚነቃው። እኔ በባር ግራፍ ላይ በየራሳቸው አሞሌ አቆምኳቸው። ቱሪስቱም ሁለት ዓይነት ነው፦ በ2019 እ.ኤ.አ. አድሮ የሚሄደው 2.7 ሚሊዮን ገደማ፣ ከመርከብ ወርዶ ማታ የሚመለሰው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሁለተኛው የሚያወጣው ገንዘብ በጣም ያነሰ ስለሆነ ደምሮ «ከአራት ሚሊዮን በላይ» ማለት ያታልላል።

«ዶላር» የሚለውም መጣራት አለበት። የመንግሥት በጀት በጃማይካ ዶላር ይታተማል፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 የጃማይካ ዶላር በላይ ነው። ሳያጣሩ የገለበጡ ሰዎች ትንሿን ደሴት ቱጃር አድርገዋታል።

ቡናው ለእኛ አንባቢ ደስ የሚል ክፍል ነው። በ1728 እ.ኤ.አ. ከማርቲኒክ ደሴት ገባ። ብሉ ማውንቴን ተብሎ ለመሸጥ ከ910 እስከ 1,700 ሜትር ባለው ከፍታ መብቀል አለበት፤ የይርጋ ጨፌ ቡና በአመዛኙ ከዚያ በላይ ነው። ከፍታው አንሶ እያለ ፍሬው ቀስ ብሎ የሚበስለው ጉምና ደመና ተራራውን ስለሚሸፍነው፣ ደሴቲቱም ከምድር ወገብ ራቅ ስለምትል ነው። ወደ ውጭ የሚላከው በጆንያ ሳይሆን በእንጨት በርሜል ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን የሚያስረክበው በሳጥን ሲሆን አንዱ ሳጥን 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ግራም ነው፤ የሳጥን ቁጥርን ከጥሬ ቡና ኪሎ ጋር አታቀላቅሉ።

ሕዝቡን በተመለከተ የ2011 እ.ኤ.አ.ን ቆጠራ ያዝኩ፤ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነው፣ ከ90 በመቶ በላይ የአፍሪካ ዝርያ ያለው። ከ1845 ጀምሮ ሕንዶች፣ ከ1854 ጀምሮ ቻይናውያን በውል ሠራተኝነት መጥተዋል። ኪንግስተን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ኪንግስተን የሚባለው ፓሪሽ ብቻውን 90 ሺህ አይሞላም፣ ከጎረቤቱ ፓሪሽ ከሴንት አንድሩ ጋር ሲደመር ግን ከ660 ሺህ ያልፋል። ፓሪሾቹ በዚያ ቆጠራ 14 ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ስለሚተዳደሩ ግን አንዳንድ ሠንጠረዥ 13 ይላል። ሁለቱም ልክ ነው።

ራስተፈሪያን በዚያ ቆጠራ 29 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ከመቶ አንድ። አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው። ተማሪዎቻችንን ከሁሉ በላይ የሚያስገርማቸው ይህ ቁጥር ስለሚሆን አልደበቅኩትም። ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን መግባታቸውንና በሻሸመኔ የተሰጠውን 5 ጋሻ መሬት በአጭሩ አስፍሬአለሁ። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩ፤ የጃማይካውያኑ ነፃነት ኦገስት 6 ቀን 1962 ሲሆን በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1954 ነው። የበጀት ዓመታቸው ደግሞ ከኤፕሪል 1 ይጀምራል፤ ከሐምሌያችን ጋር ዓመት ለዓመት አይገጥምም።

ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው ምድብ 5 አውሎ ነፋስ ደቡብ ምዕራቡን መታው፤ ብላክ ሪቨር ከተማ ክፉኛ ፈረሰች፣ የሴንት ኤልዛቤት እርሻም ተጎዳ። ከዚያ በፊት የተሰበሰበ የእርሻና የሆቴል ቁጥር ሁሉ ዓመቱ አጠገቡ ካልተጻፈ ያሳስታል። ተራራው፣ ዝናቡና ድንጋዩ ስለማይለወጡ ሦስቱን ገጾች በአንድ ላይ ሰፋሁ፤ የኢኮኖሚው ሠንጠረዥ ያለበትን አራተኛውን ግን ሳልሰፋ፣ በየዓመቱ የሚቀየር ነጠላ ወረቀት አድርጌ ተውኩት።